የ1965ቱ ፌንደር ቤዝማን፦ ዕድሜው፣ ዋጋው፣ አዲስ አበባ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩ ቤዝ ተጫዋች ከአንድ የቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ቤዝማን አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ገዝተዋል፤ ሄዱን (ማጉያው ራሱ ያለበትን ክፍል) ባለ ሁለት ስፒከር ከሆነው ሳጥኑ ጋር። ሄዱ ውስጥ የተለጠፈው የቱዩብ (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት ቱቦዎች) ሰንጠረዥ ኤኤ864 ይላል፤ እዚያው ላይ ኦ እና ኢ የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት በማህተም ተመትተዋል። ትራንስፎርመሮቹ ላይ 606512፣ አንዱ ስፒከር ላይ 465510፣ ሌላው ላይ 1376822 የሚል ቁጥር አለ። የመብራት ገመዱ ባለ ሁለት እግር ነው። ማወቅ የሚፈልጉት መቼ እንደተሠራ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ ቢያስጠግኑት ዋጋው ይወርድ እንደሆነ፣ እና አዲስ አበባ ለሚጫወተው ወንድማቸው መላክ ይችሉ እንደሆነ ነው።

እስካሁን ሶኬት ላይ ካልሰኩት፣ እባክዎ አይሰኩት። ምክንያቱ ከታች ይመጣል። ሌላው ቀድሞ መባል ያለበት፣ የእንዲህ ዓይነት አምፕ ዋጋ የሚወርደው በጥገና ሳይሆን በሚጣለውና በሚበሳው ነገር ነው። ያረጀን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) መቀየር ዋጋ አይቀንስም። ኦሪጅናል ትራንስፎርመር አውጥቶ መጣል ወይም ለተጨማሪ ማዞሪያ ብሎ የፊት ሰሌዳውን መብሳት ግን የማይመለስ ጉዳት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜው

ፌንደር በዚያ ዘመን የተሠራበትን ወር በሁለት ፊደል ያትም ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ዓመቱ ነው፤ ኤ 1951 ሆኖ እያንዳንዱ ቀጣይ ፊደል አንድ ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ ኤን 1964፣ ኦ 1965፣ ፒ 1966 ነው። ሁለተኛው ፊደል ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኢ ሜይ። የእርስዎ ማህተም ሜይ 1965 ይላል ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1957 ሚያዝያ ወይም ግንቦት።

ወረቀት ግን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል፤ ሄዱ ውስጥ ያለው፣ ዕቃዎቹ የተተከሉበት ብረትና የሚታየው ሳጥን አብረው ላይወለዱም ይችላሉ። ስለዚህ ዕቃዎቹ ላይ ያለው ቁጥር ከማህተሙ ጋር መስማማት አለበት። ቁጥሩ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አምራቹን፣ ቀጥሎ ያለው አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን ይናገራሉ። 606 ሹማከር ነው፤ የፌንደር ትራንስፎርመር ሠሪ። 606512 ማለት ሹማከር፣ 1965፣ 12ኛው ሳምንት፤ ማርች መጨረሻ ገደማ። ትራንስፎርመሩ በማርች ተሠርቶ አምፑ በሜይ መገጣጠሙ በጣም ትክክል የሆነ ርቀት ነው። የትራንስፎርመሩ ቁጥር ከማህተሙ በኋላ ቢሆን ኖሮ ወይ ትራንስፎርመሩ ተቀይሯል፣ ወይ ወረቀቱ የሌላ አምፕ ነው ማለት ነበር። ኃይል ሰጪው ትራንስፎርመር፣ ወደ ስፒከር የሚያወጣው እና ትንሹ ቾክ (ጉምጉምታ የሚያጣራው የሽቦ ጥቅል)፣ ሦስቱም ላይ ቁጥሩን ያንብቡ። አንዱ ብቻ ከተለየ ያ ነው የተቀየረው።

ስፒከሮቹ ላይ 465 ኦክስፎርድ፣ 220 ጄንሰን፣ 137 ሲቲኤስ፣ 328 ዩታ ነው። 465510 የሚለው ኦክስፎርድ፣ 1965፣ 10ኛው ሳምንት ስለሆነ ከአምፑ ጋር የመጣ ነው ብሎ መቀበል ይቻላል። 1376822 የሚለው ግን ሲቲኤስ፣ 1968፣ 22ኛው ሳምንት ነው። አንድ ስፒከር ከሦስት ዓመት በኋላ ተቀይሯል። ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ለምን እንደተለመደ ስለ አጨዋወቱ ስናነሳ ይገባዎታል።

የማዞሪያዎቹ ጀርባም ቁጥር አለው፤ 137 ወይም 304 ብሎ የሚጀምር፣ ሁለት አኃዝ ዓመትና ሁለት አኃዝ ሳምንት የያዘ። በ1965 አምፕ ላይ ይህ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ትንሽ ዘግየት ያሉት ላይ ግን ያሳስታል፤ ፌንደር በ1966 ማዞሪያ በብዛት ገዝቶ ስለነበር የ1966 ቁጥር ያለው ማዞሪያ ከዚያ በኋላ በተሠሩ አምፖች ውስጥም ይገኛል።

ኤኤ864 የሰርኪቱ (የውስጥ ኤሌክትሪክ ንድፉ) ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው 8 እና 64 ኦገስት 1964ን ያመለክታል። ቀጣዩ ኤኤ165፣ ማለትም የጃንዋሪ 1965 ንድፍ ነው። የእርስዎ አምፕ በሜይ ስለተሠራ ወረቀቱ አሮጌውን ስም ይዞ ውስጡ አዲሱ ሰርኪት ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው የተረፈውን ወረቀት እስኪያልቅ ይለጥፍ ነበር። ስለዚህ «ኤኤ864 ነው» ብለው ከመሸጥዎ በፊት ባለሙያ ብረቱን ከፍቶ ከሁለቱም ሥዕል ጋር ያስተያየው።

ሻጮች «ከሲቢኤስ በፊት» የሚለውን ቃል ይወዱታል። የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር የገዛው በጃንዋሪ 1965 ነው፤ የእርስዎ ከዚያ አራት ወር በኋላ የተሠራ ስለሆነ ያንን ቃል አይጠቀሙ። በድምፅና በአሠራር ግን በእነዚህ ወራት መካከል ገዢ የሚለየው ነገር የለም።

ዋጋው

ቤዝማን ስሙ የቤዝ ይሁን እንጂ ገበያውን የሚመሩት የሊድ ጊታር ተጫዋቾች ናቸው። ይህን ካልተረዱ ዋጋዎቹ ግራ ያጋባሉ። ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው፣ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለውና በጨርቅ የተሸፈነው ቤዝማን ለጊታር እንደ ንጉሥ ስለሚታይ ዋጋው ከእርስዎ አምፕ ብዙ እጥፍ ነው። የማርሻል የመጀመሪያው አምፕ በ1962 ለንደን ውስጥ የተቀዳው ከእርሱ ነበር። የእርስዎ የፊት ሰሌዳው ጥቁር የሆነው፣ «ብላክፌስ» የሚባለው ነው። ከ1968 ገደማ ጀምሮ የመጣው ባለ ብርማ ሰሌዳ ደግሞ ይረክሳል።

ባለፉት ዓመታት በአሜሪካ የተሸጡት፣ ኦሪጅናል ትራንስፎርመር ያላቸውና የሚሠሩ የብላክፌስ ቤዝማን ሄዶች በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ውስጥ ያርፋሉ። ሳጥኑ ለብቻው ሲሸጥ ከዚያ ግማሽ በታች ነው። የእርስዎ ሳጥን ሁለት የተለያዩ ስፒከሮች ስላሉት ከዚያም ዝቅ ይላል። ዋጋ ሲያጣሩ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይመልከቱ፤ አንድ ሰው 2,800 ብሎ ለሁለት ዓመት የለጠፈው ዕቃ ዋጋው 2,800 ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ መነሻ ላይ ቅናሹ ይሰላል። ወደ ስፒከር የሚያወጣው ትራንስፎርመር ከተቀየረ ከሄዱ ዋጋ ሩብ ያህሉን መቀነስ ተገቢ ይመስለኛል፤ ኃይል ሰጪው ከተቀየረ ከዚያ ያንሳል። የተበሳ የፊት ሰሌዳ እንደ ተቀየረ ትራንስፎርመር ይቆጠራል፤ ምናልባትም ይብሳል፣ ምክንያቱም ኦሪጅናል ትራንስፎርመር ፈልጎ መግዛት ይቻላል፣ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። ከውጭ በአዲስ ፕላስቲክ የተለበጠ ሳጥንም ይጎዳል፤ የተፋቀና ጥጉ የተነሳ ኦሪጅናል ልባስ ከአዲሱ ይመረጣል። ስለዚህ ለማሳመር ብለው አይንኩት፤ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል። የፊት ሰሌዳው ላይ ያለውን ነጭ ጽሑፍ ግን በሳሙናም አይሹት፤ ይለቃል።

ቱዩቦቹንም ሳያስፈትሹ አይጣሉ። በዚህ አምፕ ውስጥ ሁለት ትላልቅ 6ኤል6ጂሲ እና አራት ትንንሽ ቱዩቦች አሉ። ውስጡ ጥቁር የሆነ የአርሲኤ 6ኤል6ጂሲ ጥንድ፣ ሳይደክም ከተገኘ፣ ለብቻው ገዢ አለው።

ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት

አሁን ወደ ባለ ሁለት እግሩ ገመድ። ከኋላ «ግራውንድ» የሚል ማብሪያ አለ፤ ከእርሱ ወደ ብረቱ የተገናኘች አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ደግሞ አለች። ይህች ካፓሲተር ከመብራቱ መስመር አንዱን ጫፍ ከብረቱ ጋር ታገናኛለች። ጤነኛ ስትሆን ጉምጉምታ ትቀንሳለች። ስልሳ ዓመት ኖራ ሾርት ካደረገች ግን ብረቱ፣ ከብረቱ የጊታር ገመዱ፣ ከገመዱ የቤዙ ክር መብራት ይይዛል። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ መንገዱ ይሟላል። አሜሪካ ያሉ ጠጋኞች «የሞት ካፓሲተር» የሚሏት ለዚህ ነው። ቆርጦ ማውጣት፣ ማብሪያውን ቦታው ላይ ባዶውን መተው፣ ባለ ሦስት እግር ገመድ ማስገባት፤ ሥራው ይኸው ነው። ጥቁሩ ሽቦ መጀመሪያ ወደ ፊውዙ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ማብሪያ፤ ነጩ ወደ ሌላው የትራንስፎርመር ጫፍ፤ አረንጓዴው (የመሬት ሽቦው) በራሱ ቡሎን ብረቱ ላይ ይታሰራል። አረንጓዴው ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ይቆረጥ፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እርሱ እንዲሆን።

ቀጥሎ ትልልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ናቸው። በቱዩቦቹ በኩል፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተደርድረው ያገኟቸዋል። ክዳኑን በካቻቢቴ ሲከፍቱ ጫፋቸው ያበጠ ወይም እንደ ጨው ነጭ ነገር የወጣባቸው ካሉ ነገሩ ግልጽ ነው። ንጹሕ ቢመስሉም ግን ይቀየሩ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ስልሳ ዓመት አይቆይም፤ አንዱ ሾርት ካደረገ ደግሞ ይዞ የሚሄደው ኃይል ሰጪ ትራንስፎርመሩን ነው። በጥቂት ዶላር ካፓሲተር ምክንያት ኦሪጅናል ትራንስፎርመር ማጣት ያሳዝናል። ሲቀየሩ መጠናቸው (ማይክሮፋራድ) እንደነበረው ይሁን፤ ቮልታቸው እኩል ወይም በላይ። የኔጋቲቭ ባያስ ካፓሲተሩም አብሮ ይቀየር። እርሱ ሲደክም ትላልቆቹ ቱዩቦች መቆጣጠሪያ አጥተው ሳህናቸው (ውስጣቸው ያለው የብረት ገጽ) ይቀላል፤ ከዚያ ይቃጠላሉ።

ሰማያዊ ወይም ቡናማ የሆኑትን፣ ድምፁን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉትን ትንንሽ ካፓሲተሮች ግን ማንም «ሁሉንም ላድስልዎ» ቢል አይፍቀዱ። እነርሱ ፈሳሽ የላቸውም፤ አብዛኞቹ ዛሬም ጤነኛ ናቸው። በቴስተር ተለክቶ ቮልት የሚያፈስ ከተገኘ እርሱ ብቻ ይቀየር። የወጣው ሁሉ በፌስታል ተደርጎ ይሰጥዎ፤ ሲሸጡ ገዢው ይጠይቃል።

ይህን ሥራ ራስዎ ለመሥራት ካሰቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ገመዱ ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ሊይዙ ይችላሉ። 10 ኪሎ ኦህም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ክሊፕ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ብረቱ ጥቂት ሰከንድ ይያዙ፤ በቴስተር ይለኩ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ፣ ምክንያቱም የተወሰነው ቮልት ተመልሶ ይወጣል። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ማብራት በተከታታይ አምፖል ይሁን። ባለ 100 ዋት የድሮውን ዓይነት፣ ክር ያለውን አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በአምፑ የመብራት መስመር መካከል በተከታታይ ያስገቡ። ቱዩቦቹ ሁሉ ወጥተው ሲበራ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ቢቃረብ ደህና ነው። ደምቆ ከቆየ ውስጥ ሾርት አለ፤ ወዲያው ያጥፉ። ከዚያ በትላልቆቹ ቱዩቦች ሶኬት 5ኛው እግር ላይ ኔጋቲቭ ቮልት መኖሩን ያረጋግጡ። አምፖሉ ወጥቶ በሙሉ መብራት ሲለካ ከ−45 እስከ −50 አካባቢ መሆን አለበት፤ ያ ከሌለ ቱዩቡን አያስገቡ። ከገቡ በኋላ በ8ኛው እግርና በብረቱ መካከል የገባ 1 ኦህም ሬዚስተር ላይ የሚለካው ሚሊቮልት በቀጥታ ሚሊአምፔር ነው። ለምሳሌ 3ኛው እግር ላይ 440 ቮልት፣ ሬዚስተሩ ላይ 40 ሚሊቮልት ካነበቡ፣ 440 ሲባዛ በ0.040፣ 17.6 ዋት ነው። 6ኤል6ጂሲ የሚችለው 30 ዋት ስለሆነ ከ60 በመቶ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ለቱዩቡ ዕድሜ የሚስማማ ቦታ ነው። ከ21 ዋት በላይ አያሳልፉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉምጉምታ ቢኖር ዓይነቱን ያዳምጡ። ዝቅ ያለው የ60 ኸርትዝ ድምፅ ከመሬት ሽቦ አያያዝ ወይም ከቱዩብ ማሞቂያው መስመር ነው፤ ቀጠን ያለው የ120 ኸርትዝ ድምፅ ከማጣሪያ ካፓሲተር ነው። ማንም ሳይጫወት እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከትንንሾቹ ቱዩቦች ሳህን ጋር የተያያዘው 100 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር ነው። እርሱን ቀይረውም ካልቆመ ዕቃዎቹ የተተከሉበት ጥቁር ካርቶን ሰሌዳ እርጥበት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ዕቃ የሌለበት ባዶ ሰሌዳ ላይ ሲያስነኩ ጥቂት ቮልት ካነበበ ሰሌዳው ራሱ እያስተላለፈ ነው። በለስላሳ የፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅ ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል።

ሲጫወቱበት

ይህ 50 ዋት ገደማ የሚሰጥ አምፕ ነው። ለልምምድ፣ ለስቱዲዮ፣ ለትንሽ መድረክ ያምራል፤ ከበሮ ጮክ ብሎ በሚመታበት ሠርግ ላይ ግን አይበቃም፤ እንዲበቃ ሲያስገድዱት ስፒከር ይቀደዳል። የቤዝ ዝቅተኛው ክር 41 ኸርትዝ ነው፤ ባለ አምስት ክር ከሆነ 31። የድሮ ኦክስፎርድ ስፒከር ኮኑ ወረቀት ነው፤ ዝቅተኛው ክር የሚጠይቀውን ርቀት ወጣ ገባ እያለ ሲቀደድ ነው የ1968ቱ ሲቲኤስ የገባው። ለመጫወት ዘመናዊ ባለ 4 ኦህም የቤዝ ሳጥን ያገናኙ፤ ኦሪጅናሉን ሳጥን ለቤት ያቆዩት።

የስፒከር ገመዱ ሁልጊዜ በዋናው ቀዳዳ ይሰካ። ዋናው ባዶ ሲሆን ራሱን በራሱ ሾርት እንዲያደርግ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ትራንስፎርመሩን ለመጠበቅ። ስለዚህ ሳጥኑን «ተጨማሪ» በሚለው ቀዳዳ ብቻ የሰካ ሰው ድምፅ አያገኝም፤ አምፑ ተበላሸ ብሎ ለጠጋኝ ገንዘብ ይከፍላል።

አዲስ አበባ

የእርስዎ አምፕ የተሠራው ለ117 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ነው። አዲስ አበባ 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ቮልቱን ማውረጃ ትራንስፎርመር ያወርደዋል፤ ኸርትዙን ግን አይለውጠውም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የትራንስፎርመር ብረት የሚሸከመው ጫና የሚለካው ቮልቱ በኸርትዝ ሲካፈል ነው። 117 ለ60 ሲካፈል 1.95 ነው፤ 120 ለ50 ሲካፈል 2.4። በማውረጃ 120 ቮልት ሰጥተውት እንኳ ትራንስፎርመሩ ከታሰበለት 23 በመቶ የበለጠ ይሸከማል፤ ይሞቃል፣ ያንጎራጉራል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። በ110 ቮልት ጭማሪው 13 በመቶ ይሆናል፤ ያ ይሻላል። በ100 ቮልት ጫናው ከኦሪጅናሉ ጋር እኩል ሊሆን ይቃረባል፤ ግን የቱዩቦቹ ማሞቂያ ከ6.3 ወደ 5.4 ቮልት ይወርዳል፣ ያ ለቱዩቡ ጤና ያንሰዋል። ስለዚህ ማውረጃ ከሆነ ምርጫው ወደ 110 የሚያወርድ፣ 500 ቪኤ (የጉልበት መለኪያ) አካባቢ የሆነ፣ በመዳብ የተጠመጠመ እውነተኛ ትራንስፎርመር ነው፤ ለመንገደኛ የሚሸጠው ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያ በፍጹም አይሆንም። ከፊቱ ስታቢላይዘር ይኑረው፤ መስመሩ ወደ 240 ከፍ ባለ ቁጥር ማውረጃውም 120 ያወጣልና። የመሬት ሽቦውም በግድግዳው ሶኬት ውስጥ በእርግጥ የተያያዘ መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ይለካ፤ የሦስተኛው እግር ቀዳዳ መኖሩ ሽቦ አለው ማለት አይደለም።

የተሻለው መንገድ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርትዝ የተሠራ አዲስ ኃይል ሰጪ ትራንስፎርመር እዚያው ሜሪላንድ አስገብቶ መላክ ነው። እንደ ሃሞንድ ያሉ አምራቾች ባለ ብዙ ቮልት መግቢያ ያለው ይሠራሉ። ኦሪጅናሉ ተፈትቶ ከነቡሎኖቹ እርስዎ ጋር ይቀመጥ፤ አምፑ ሲመለስ ወይም ሲሸጥ ይመለስለታል። በዚህ አኳኋን ዋጋው ብዙም አይነካም።

ለመላክ ከወሰኑ ሄዱን ብቻ ይላኩ፤ ሳጥኑ ይቅር። ቱዩቦቹን አውጥተው የትኛው ከየትኛው ሶኬት እንደወጣ በወረቀት ጽፈው እያንዳንዱን በጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ሄዱ የሚተኛበት ካርቶን ውስጥ ትራንስፎርመሮቹ ያሉበት ጎን በደንብ ይደገፍ፤ ካርቶኑ ቢወድቅ ብረቱን የሚያጣምመው ክብደቱ ያለው እዚያ ነው።

ወንድምዎ የሚፈልጉት ግን በየሳምንቱ መድረክ ላይ የሚቆም ዕቃ ከሆነ፣ የእኔ ምክር ሌላ ነው። ይህንን አስጠግነው እርስዎ ያቆዩት ወይም በሚገባው ዋጋ ይሽጡት፤ ለእርሳቸው በ220 የሚሠራ፣ 300 ዋት የሚሰጥ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ዘመናዊ የቤዝ ሄድ ይግዙላቸው። የ1965 ትራንስፎርመርና ቱዩብ አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ምትኩ እስኪደርስ አምፑ ወራት ቁጭ ይላል፤ እርሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ሥራ አላቸው።